እንዲያው ልይ ብዬ

ኮምቦልቻ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታሁን፣

ሰላም ላንተ፣ ለይታይሽ፣ ለልጆቻችሁም። የደሴ ብርድ ጉልበትህን እንዴት ይዞታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው፤ እኔ ጡረታ ስወጣ እሱ ሽመና አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል። ስልክ ላይ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ ከምቀር ወረቀት መላላካችን ይሻላል። ተውፊቅም አደራ የማይበላ ሾፌር ነው፤ የኔን ደብዳቤ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነው የሚያስቀምጠው።

ቅዳሜ ሳልሰናበትህ በመሄዴ ተቀይመህ በተውፊቅ የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ዝናቡ ሲያባራ አንተ የለህም፣ የመጨረሻው መኪና ደግሞ አይጠብቀኝም። አዲስ ዘበኛ ሆነህ የተቀጠርክበትን የዩኒቨርሲቲውን የጥበብ ማዕከል እንዴት እንዳየሁት ለጠየቅኸኝ ግን ሳልቆጥብ እነግርሃለሁ።

ውጪ በር ላይ ያለው ጎረምሳ ዘበኛ «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ፤ ከንፈሩን አይቼ ገባኝ። «ማንንም» አልኩት። «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ጉዳይ የለኝም፤ ያ የሥዕሉና የቴያትሩ ቤት ለሰው ክፍት ነው ሲባል ሰምቼ ልይ ብዬ ነው» አልኩት። መዝገቡ ላይ «የመጡበት ጉዳይ» የምትል ቦታ አለች መሰለኝ፣ ብዕሩን ይዞ ተጨነቀ። መጨረሻ ላይ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «እንዲያው» ብሎ ጻፈ! ፈንታሁን፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በር የገባሁት ለጉዳይ ነው። ፋብሪካ ለእንጀራ፣ ሆስፒታል ለበሽታ፣ ቀበሌ ለመታወቂያ። እንዲያው ብዬ የገባሁበት በር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስገባም ልቤ የሠርግ ቤት እንደምትገባ ልጅ ደስ አላት።

አንተ ደግሞ የማዕከሉ በር ላይ ቦርሳዬን ከፈትክ! ሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካው በር ላይ ስትፈትሸኝ ኖረህ እዚህም? ለእህቴ ልጅ ለሱሀይላ ከያዝኩት አንሶላና ከሁለት ዳቦ በስተቀር ምንም አጥተህ አፍረህ ዘጋኸው። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የድሮ ሰው የድሮ ልማዱን ካልተወ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ሥዕሎቹን ወድጃቸዋለሁ፤ የገባኝንም ያልገባኝንም። ከመኪና ብረት የተሠራው በሬ ደግሞ እውነት ሊወጋኝ የመጣ ነው የመሰለኝ። ልጆቹ መድረክ ላይ ከበሮ ሲመቱ እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ በእግሬ ሰማሁት፤ ጣውላው ከሥሬ ድም ድም ሲል ወላሂ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመቴ ነው ዘፈን ከሰማሁ!

ከሁሉም ግን ያቺ ሰማያዊ ጠርዝ ያላት አንሶላ! ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ሳያት አላለፍኳትም። የኛ ዘመን ሥራ ናት። ያንን ጠርዝ መሥራት ከተዉ ስንት ዓመት ሆናቸው። «ይህችን ዛሬ በወርቅ አታገኛትም» ብዬህ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ከዚያ ዝናቡ መጣና አንተ ውጪ ያሉትን ወንበሮች ልታስገባ ሮጠህ ቀረህ፤ እኔም ሁለት ሰዓት ያህል ያቺው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ልንገርህ አልንገርህ እያልኩ ነው። ለቤቱ ትንሽ ስጦታ ትቼለታለሁ። ምን እንደሆነ አልነግርህም። ፈልገህ ካገኘኸው እውነትም ሃያ ስምንት ዓመት ዘበኛ ነበርክ እልሃለሁ።

እህትህ ሰዒዳ


ደሴ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ሰዒዳ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ይታይሽ ሰላም ብላሻለች። ለአረፋ በግ ገዝተሽ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

ስጦታ ያልሽውን ወንበር ሥር፣ መጋረጃ ጀርባ፣ የብረቱ በሬ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ፈለግሁ። አላገኘሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሾፍሽብኝ ብዬ እስቅ ነበር፤ አሁን ግን ለሳቅ የሚሆን ልብ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺን አንሶላ የሰቀለችው ወንጌላዊት የምትባል ዘንድሮ የምትመረቅ ተማሪ ናት፤ የኩታበር ልጅ። ረቡዕ ዕለት መጥታ አየቻትና «ይህ የኔ አይደለም!» ብላ ጮኸች። እኔም ደንግጬ «ይቺው ናት እኮ ልጄ፣ ማንም አልነካት» አልኩ። «ቀዳዳውስ?» አለችኝ።

ለካ አንሶላዋ ታች፣ በግራ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ነበረቻት። እኔ በየቀኑ ሳልፍ ጨርቅ ነው ብዬ እንጂ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። ከጎኗ የተለጠፈችው ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ናት፤ ማን ያንብብልኝ? ታሪኩን አሁን ነው የሰማሁት። ልጅቷ ማትሪክ ያለፈች ዕለት እናቷ በከሰል ካውያ ይህንኑ አንሶላ እየተኮሱ ነበር። አስተማሪዋ ደውሎ «አልፋለች!» ሲላቸው እልል ብለው ሲዘሉ ካውያው ተዘንብሎ አንድ ፍም ወደቀ፤ ሳያዩት አንሶላው ነደደ። ልጅቷም ያቺን ቀዳዳ የደስታችን ማኅተም ናት ብላ ለመመረቂያ ሥራዋ ሰቀለቻት። አንሶላው ለማሳበቢያ ነው፤ ሥራዋ ቀዳዳዋ ናት። አሁን ቀዳዳዋ የለችም። ስለዚህ አንድ ሰው የእሷን አንሶላ ወስዶ ሌላ ተመሳሳይ ሰቅሎበታል ይላሉ።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በኔ እጅ ነው። ኃላፊው አቶ ሞላልኝ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቁሟል። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ሥራው ቢቀር ግድ የለኝም፣ ጡረታዬ አለች። ስሜ ነው የሚያንገበግበኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ኖሬ በስተርጅና አንሶላ ሰረቀ ልባል ነው? ትናንት ስወጣ ያ ጎረምሳ ዘበኛ ቦርሳዬን በረበረው። እንደ ወጉ ነው፣ አልከፋኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግን ከፍቶኛል።

እህቴ፣ አንቺ ከማንም በላይ ጨርቅ ታውቂያለሽ። ስታያት ቀዳዳ ነበራት ወይስ አልነበራትም? ቶሎ መልሺልኝ። ደግሞ ለሱሀይላ የያዝሽውን አንሶላ አደረስሽላት?

ወንድምሽ ፈንታሁን


ኮምቦልቻ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈንታሁን ወንድሜ፣

ያ ረቢ! ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየው። አፉ በለኝ፣ በአላህ አፉ በለኝ። ስጦታ ያልኩህ እሱ ነው። ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

አንሶላው አልተሰረቀም፤ የልጅቷ የራሷው ነው። አንተ ወንበር ልታስገባ ስትሄድ ጠጋ ብዬ ሳያት ያቺን ቀዳዳ አየሁ። ዙሪያዋ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል። ይህን የመሰለ ጨርቅ! ደግሞ የሰው ልጅ ናት፣ ጨዋ እንግዳ በሚያይበት ግድግዳ ላይ የተቃጠለ አንሶላዋን ሰቀለች፤ ማንም እናት የሆነ ሰው አልመከራትም ማለት ነው አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ምን እንደነበር ታውቃለህ። ከማሽን የወጣውን ጨርቅ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ እየጎተትን እንከን ስንፈልግ መዋል፣ የተገኘውን መድፈን። ለሃያ ሁለት ዓመት ቀዳዳ አይቼ ያለፍኩበት ቀን የለም። መርፌ ደግሞ ከነጠላዬ ጫፍ ተለይቶኝ አያውቅም።

የተቃጠለውን ዙሪያ በጥርሴም በጥፍሬም አነሳሁ፤ ክሩን ከጨርቁ ከራሱ፣ ከታጠፈው ጠርዝ ውስጥ መዘዝኩ። ሌላ ክር ቢሆን ይታወቃል። ከዚያ ድሩን አንድ በአንድ ዘረጋሁ፣ ማጉን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረግሁ መለስኩት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከበሮው በጣውላው በኩል እግሬን ይመታል፣ እኔ እሠራለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ስጨርስ ራሴ ቀዳዳዋ የት እንደነበረች ለማግኘት ተቸገርኩ፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔ ነኝ ያ። የሰው ደስታ መስሎ ሳይታየኝ ደፈንኩት፤ ያንተንም ስም አቆሸሽኩ። እባክህ ይህን ደብዳቤ ለአቶ ሞላልኝ አሳየው። ለልጅቷም አንብብላት። ካሻት መጥቼ እፈታዋለሁ፣ ካሻት ትቆጣኝ። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ በኔ የተነሳ አንገትህን አትድፋ።

ሱሀይላ አንሶላዋን ቅዳሜውኑ ወስዳለች። ለምን እንደጠየቅኸኝ አልገባኝም።

ሰዒዳ


ደሴ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ሰዒዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳቅሁ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ ቆብሽ ቢያልቅ የሰው ቆብ ላይ ወጣሽ።

አሁን ነገሩ በእጄ ነው። አትጨነቂ፤ አልቋል በይው። መምጣት አያስፈልግሽም፣ ደግሞ መንገዱ በአረፋ ሰሞን ይጨናነቃል። ልጅቷም ተረጋግታለች። እኔም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም አሁን የምቀመጥበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኛል።

ዛሬ ማርያም ናት፤ ቤታችን ሰው ይበዛል። ይታይሽ ለአንቺ ብላ የደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት በተውፊቅ ልካለች፣ እንዳይጠወልግ ቶሎ ተቀበይው። አማቼ መሕሙድ የታመመች ላሙ ተሽሏታል። ድንች ዘንድሮ ጥሩ ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

በሰላም ዋዪ።
ፈንታሁን


ኮምቦልቻ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ፈንታሁን፣

ጎመኑ ደርሷል፣ ካሮቱም ጣፋጭ ነው፤ ይታይሽን አላህ ይስጥልኝ። ላንተ ግን ምስጋና የለኝም።

እንዲህ ያለ ውሸት ስትዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁህ። አዲስ ነገር የለም ብለህ ስለ ድንች የጻፍከው ለማን ነው? ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልደነቆረም። አንተ በአማችህ በመሕሙድ ላም ደስታ ገጽ ሙሉ ስትሞላ አንድ ነገር ተደብቋል ማለት ነው ብዬ ተውፊቅን ያዝኩት። እጁን እያወናጨፈ አስረዳኝ። ደብዳቤዬን ያደረሰልህ ጀርባ በር፣ የማገዶና የቆሻሻ መኪና የሚገባበት ላይ ነው አሉ፤ ጃንጥላ ይዘህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታህ እሱ ነው? ኮሚቴውም ገና አልፈረደም አለኝ።

ደብዳቤዬን ለማንም አላሳየህም። ለምን? እኔን ልትሸፍነኝ ብለህ? ማን ሽፈነኝ አለህ? እኔ ሌባ አይደለሁም፣ የሰው ሚስት ይዤ አልኮበለልኩም፤ ቀዳዳ ነው የደፈንኩት! ለዚህ እሸማቀቃለሁ እንጂ አልደበቅም። አንተ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ እኔ እዚህ ካሮት በልቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሃል?

ረቡዕ እመጣለሁ። የሐረጎን አቀበት ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔን የሚያስቀር ነገር የለም። ያንን ያላሳየኸውን ደብዳቤዬን ይዘህ ጠብቀኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪያድር አልጠብቅም።

ሰዒዳ


ደሴ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ሰዒዳ፣

እንኳን ለአረፋ በዓል በሰላም አደረሰሽ። በጉ ጥሩ እንደነበረ ተውፊቅ ነግሮናል፤ ለይታይሽ የላክሽላት ልብስም ልክ ሆኖላታል።

ሐሙስ በላክሽው ወረቀት «ረቡዕ ዕለት ሁሉም አፉን ሲያንቀሳቅስ ዋለ፤ ማን ምን አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እውነትሽን ነው፤ መሥራቱን አንቺ ሠራሽው፣ መስማቱን እኛ ሰማነው። እንደ ቃለ ጉባኤ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ስትገቢ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ልጅቷም አለች፤ እናቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽም የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ በዚያው ጠዋት ከኩታበር ገብተው ነበር። አንቺ «ሰላም ለናንተ ይሁን» ብለሽ ወዲያው «ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሰውዬ ልቀቁት!» አልሽ። ቀስ ብለሽ የተናገርሽ መስሎሽ ይሆናል። ጦሳ ተራራ ድረስ ተሰምቷል። መድረክ ላይ ከበሮ የሚመቱት ልጆች እንኳ አቁመው መጡ።

አቶ ሞላልኝ «እናቴ፣ ይህ በቃል አይሆንም። መዝገቡ ላይ ስምዎን አይቼ ጋሽ ፈንታሁንን ጠይቄው ነበር፤ ከእርስዎ እንዳልተለየና ምንም እንዳልነኩ ጽፎ ፈርሟል» አለ። አንቺ አልሰማሽምና ፈገግ ብለሽ «አዎ» አልሽ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን አንሶላው ላይ አስኬድሽ። ጣትሽ ሲቆም አንዱ የኮሚቴ አባል በስልኩ መብራት አየና «ምንም የለም እኮ!» አለ። አንሶላውን ገልብጠሽ ከጀርባ እነዚያን ትንንሽ የክር ጫፎችና አንዷን ቡናማ የቀረች ክር ስታሳዪው ነው አፉን የያዘው። ወንጌላዊት ጠጋ ብላ አየችና ማልቀስ ጀመረች። «የኔው ነው፤ ይፍቱልኝ እማማ፣ በማርያም ይፍቱልኝ» እያለች ነበር የለመነችሽ። አንቺ ግን ያመሰገነችሽ መስሎሽ ትከሻዋን መታ መታ አድርገሽ «ምንም አይደለም ልጄ፣ ሥራዬ ነው» ስትያት ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የተሳቀው በዚህ ነው፤ እንደጠረጠርሽው በነጠላሽ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው እናቷ የተነሱት። ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦ «ተዪ! አታስፈቺ! ቀዳዳውን ያቃጠልኩት እኔ፣ ያፈርኩበት እኔ። ፎቶውን በስልክ ብትልኪልኝ የሰፈር ሰው ሁሉ አየው፤ የፀሐይነሽ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተቃጠለ አንሶላ ሰቀለች አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በጓሮ ነበር የምሄደው። ጌታ ሰው ልኮ ሸፈነልኝ!» ብለው አንገትሽን አቅፈው የሳሙሽ ለዚህ ነው። ልጅቷም «እናቴ፣ ሳልጠይቅሽ ነው ለካ የሰቀልኩት» አለች፤ እሷም ከኛ ጋር ሳቀች፣ አለቀሰችም።

አንሶላው እንደደፈንሽው ተሰቅሏል። ጽሑፉን ለውጣ በአማርኛ «እዚህ ቦታ እናቴ በደስታ ያቃጠለችው ቀዳዳ ነበር፤ አንዲት እንግዳ ደፍናዋለች» ብላ ለጥፋለች። ትናንት መምህሮቿ መጥተው ግማሽ ሰዓት ቀዳዳዋን ሲፈልጉ ቆሙ። አላገኟትም። ጥሩ ውጤት ሰጥተዋታል።

የኔን ነገር ደግሞ። አቶ ሞላልኝ ሰው ሁሉ ፊት «ለምን ሐሰት ፈረምክ?» አለኝ። «ዋሸሁ፤ ወንበር ላስገባ ሄጄ ነበር» አልኩ። እሱም «እኛም ሳናጣራ ጀርባ በር ላይ አስቀምጠንሃል፤ ይቅር ተባብለን እንለፍ» አለ። ልጅቷ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ በማግስቱም ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ስሜ ነጽቷል። ሁለት ቀን ደስታው አስተኝቶኛል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ነቃሁ።

ምክንያቱም አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ሰዎች ሁሉ፣ ይታይሽ ሳትቀር፣ «አንተ ስንት ደግ ሰው ነህ፣ እሷን ለማዳን ስምህን ሰጠህ» ይሉኛል። አንቺም እንደዚያ ነው የምታስቢው። አይደለም።

ልጅቷ «ይህ የኔ አይደለም» ብላ ስትጮህ መጀመሪያ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። አንሶላዋን «በወርቅ አትገኝም» ብለሻል፤ ቦርሳሽ ውስጥ ደግሞ አንሶላ አይቻለሁ። ብቻሽንም ሁለት ሰዓት ተቀምጠሻል። ሰዒዳ ለውጣ ወሰደችው ብዬ አመንኩ። ያንን ወረቀት የፈረምኩት ያን ዕለት ነው፤ ሌባ መሆንሽን አምኜ። ስለ ሱሀይላ አንሶላ የጠየቅሁሽም ለዚያ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፈትሼሽ አንዲት ክር ያላገኘሁብሽን ሴት በአንድ ቀን ጠረጠርኩ። እውነቱን ስትጽፊልኝ ደግሞ ደብዳቤሽን ማሳየት አቃተኝ፤ ለምን ፈረምክ ሲሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበርና። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኩት ለቅጣቴ ነው ብዬ ነው።

እጄን ይዘሽ ወደ ክፍሉ ስታስገቢኝ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ጮክ ብዬ ካልነገርኩሽ አትሰሚ፣ ጮክ ብዬ ደግሞ ማን ይናገረዋል? ስለዚህ ጻፍኩት። ብትቀየሚኝ ፍርድሽ ነው። በእግዚአብሔር ስም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ፈንታሁን


ኮምቦልቻ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈንታሁን፣

ደብዳቤህን ተውፊቅ ሲሰጠኝ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ላይ ከፍቶኛል። ጎመን እየቀነጠስኩ አለቀስኩ። ለአንድ ሙሉ ቀን ልጽፍልህ አልፈለግሁም።

ትናንት ግን ሰላቴን ሰግጄ ስጨርስ ነገሩን ከሌላ በኩል አየሁት። አንተ ሰዒዳ ሰርቃለች ብለህ አመንክ። አምነህም ለአለቃህ አልነገርክም። ፈርመህ፣ ዋሽተህ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ስምህን ለኔ አሲዘህ፣ በዚያ በደሴ ብርድ ቆሻሻ መኪና በር ላይ ተቀመጥክ።

እንዴ ወንድሜ! ለሌባ ይህን ያህል የሆንክ ለጨዋ ሰው ምን ልትሆን ነበር?

አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ። ቅዳሜ የልጆቹ ቴያትር አለ ብላ ወንጌላዊት በሰጠኋት በሱሀይላ ስልክ ደውላ ጠርታኛለች። ከበሮው ቅርብ፣ ጣውላው ላይ፣ ሁለት ቦታ ያዝልን።

ሰዒዳ